ድንኳኑ የት ደረሰ

ሥራዬ ዕቃ የት እንዳለ ማሳየት ነው። የጭነት መኪና ያላቸው፣ ጄኔሬተር የሚያከራዩ፣ መጋዘን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይጠሩኛል፤ እኔም ትንሽ መሣሪያ ከነሲም ካርዷ ዕቃው ላይ አስሬ፣ ያለበትን ቦታ በስልካቸው ካርታ ላይ ነጥብ ሆኖ እንዲያዩት አደርጋለሁ። ሲወራ እንዲህ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ሰዎቹ የሚፈልጉትን ማወቅ ነው። ሁሉም ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ ሁሉንም ዕቃ፣ በየሰከንዱ ማየት እንደሚፈልጉ ይነግሩኛል። እኔ ደግሞ አይታችሁ ምን ልታደርጉ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። አይተው ምንም ለማያደርጉበት ነገር ወጪ ማውጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው እላቸዋለሁ፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ሌላ ባለሙያ ይፈልጋል። እናቴ ይህን ጸባዬን ስለምታውቅ፣ ደንበኛ እያባረረች የምትነግድ ልጅ ወለድኩ ትል ነበር።

ለእድሯ እንድሠራ ያዘዘችኝም እሷው ነች። እድሩ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈራችን እድር ነው። ተወልጄ ያደግሁበት ዳገት ለመንገድ ሲፈርስ ሰዉ በየአቅጣጫው ሄደ። እናቴ አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሳት፤ አጥር ትጋራቸው የነበሩት ባልንጀራዋ ካራ ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ ሌላው ኮተቤ ተከራየ። ከመንገዱ በላይ ያሉ ጥቂት ቤቶች ብቻ ሳይነኩ ቀሩ፤ የእድሩ ዕቃ ቤትም ከነሱ ጋር ቀረ። እድሩ ግን አልፈረሰም። በወር አንድ እሑድ ሽማግሌውና አሮጊቱ በባቡር፣ ከዚያም በታክሲ እየመጣ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ይቀመጣል፣ መዋጮውን ይከፍላል፣ ስለ ፈረሰው ቤቱ አውርቶ ይመለሳል።

ታዲያ አንድ ክረምት ድንኳን ጠፋ። ኮተቤ የገቡ አንድ አባል ዐርፈው ቤተሰቡ ድንኳን ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ የለም። እድሩ ያሉት ሁለት ድንኳኖች ናቸው። ንብረት ያዡ አንዱ አያት ነው ብሎ ወደዚያ ሰው ላከ፤ አያት ያለ ድንኳን የለም። ኋላ ሲታወቅ፣ አንደኛው ካራ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ የሚያፈርሰው አጥቶ እንደቆመ ነበር፤ ሌላው እንጦጦ ላይ ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ ተሰጥቶ ሳይመለስ ቀርቷል። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ የላስቲክ ሸራ ይዞ ተቀመጠ። ለእድር ከዚህ የበለጠ ውርደት የለም። በሚቀጥለው እሑድ፣ እንግዲህ ሰፈር ከሌለ እድርስ ምን ያደርጋል፣ ሸጠን እንለያይ የሚል ሹክሹክታ ተነሣ።

እናቴ ይህን ሰምታ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ልቧን ታማ ስለነበር ደረጃውን ለመውጣት በየፎቁ ታርፋለች። የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤቶች የራሳቸውን እድር ሲያቋቁሙ ሁለት ሦስት ጊዜ በሯን አንኳኩተው፣ እማማ ይግቡልን ብለዋታል። አመስግና መልሳቸዋለች። እኔም ቅርብ ያለ ይሻላል ብዬ ልጨቀጭቃት ሞክሬ ነበር። የመለሰችልኝን አልረሳውም።

«እኔን የሚቀብሩኝ እኔ የቀበርኩላቸው ናቸው» አለችኝ። «እዚህ ያሉት ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን የኔን ምን አንስተው ያለቅሳሉ?»

በዚያ ሰፈር ማን ሞቶ እሷ ያልቆመችበት፣ ማን አዝኖ እሷ ሽሮ ይዛ ያልሄደችበት ቤት አልነበረም። ከዚህ ዓለም የቀራት አንድ ፍላጎት ያ ሁሉ ሰው ዞሮ እሷ ዘንድ እንዲመጣ ነው። እድሩ ከፈረሰ ይህ አይሆንም። ስለዚህ፣ ለባለመኪና የምትሠሪውን ለኛም ሥሪልን፣ ድንኳኑ አይጥፋ አለችኝ። ምን ላድርግ፤ ሄድኩ።

ስብሰባው ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነ። የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ገንዘብ ያዡ ባለሱቅ ነው፤ እንደ ሌላው ደንበኛ ሁሉ እሱም ድንኳኑን፣ ጎላውን፣ ሳህኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን ሳይቀር በየሰከንዱ ማየት አማረው። አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ የሚሮጥ ሌባ እስካሁን አልሰማሁም አልኩት። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀብር ሲኖር ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ዳኛው በትዕግሥት አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ ልጄ፣ ይኸ እኮ ለቀባሪው አረዱት ነው አሉኝ። አፈርኩና እነሱ እንዲናገሩ ተውኩ።

ሲናገሩ ነገሩ ጠራ። የሚቸግራቸው ሦስት ነገር ነው፦ ድንኳኑ ከዕቃ ቤት ወጥቷል ወይ፣ የት ቆሟል፣ ከሠልስት በኋላ ተመልሷል ወይ። በየሰከንዱ ማየት አያስፈልግም። እንደ ጭነት መኪና ሁልጊዜ የሚንቀሳቀስ ነገር አይደለም፤ ድንኳን ሲወጣ ይወጣል፣ ሲቆም ሦስት ቀን ይቆማል። ስለዚህ መሣሪያዋ ስትተኛ ተኝታ፣ ስትነካ ብቻ እንድትነቃ አደረግኩ፤ ባትሪዋም በዚህ ዘዴ ለረጅም ጊዜ ይበቃታል። ለሁለቱ ድንኳን አንድ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ደግሞ ጎላዎቹ ለሚጫኑበት የብረት ሣጥን። አለቀ። ለትልልቅ ድርጅቶች ካቀድኩት ሁሉ ይኸ ትንሹና ደስ የሚለኝ ነው።

አንድ ነገር ግን እዚያው አነሣሁ። ድንኳኑ አያት ቢደርስ፣ ሰዉ በምን ሰምቶ ይመጣል? ሰፈሩ ሳይፈርስ ጥሩምባ ነፊው ጎህ ሲቀድ በየመንገዱ እየዞረ ይነፋ፣ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ይለፍፍ ነበር። አሁን ካራ ያለ ሰው ይህን አይሰማም። የአባላቱን ስልክ ሰብስቤ አንድ መልእክት ለሁሉም እንዲደርስ ላድርግ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሥራው የግማሽ ቀን ነበር። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጄ» አሉ። «ሰው ሲረዳ አጠገቡ የሚይዘው ሰው መኖር አለበት። ታክሲ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ሲያነበው ማን ይይዘዋል?»

ማንም አልተቃወማቸውም፤ እኔም አልተቃወምኳቸውም። አባቴ ሲሞት ንጋት ላይ በሬን አንኳኩተው፣ ግራና ቀኝ ይዘው የነገሩኝ እኚህ ሰውና ሚስታቸው ናቸው። አሁን እንኳ ተሳስተዋል ለማለት አፌ አይደፍርም። ጥሩምባ ነፊው እንደ ደንቡ በሰፈር ይለፍፋል፣ ሰዉም እርስ በርሱ ይነጋገራል ተባለና ስብሰባው ተበተነ። ሰዉ እርስ በርሱ ይነጋገር የነበረው ግን አጥር ለአጥር ስለነበረ ነው። ይህን የተናገረ አልነበረም።

መሣሪያዎቹን ካሰርኩ በኋላ ለሙከራ አንዱን ድንኳን ጭነን ወደ እንጦጦ ወጣን። ባሕር ዛፉ መሃል፣ ሸለቆው ጋ ኔትወርኩ ጠፋ። ዕቃ ቤት ተቀምጦ ስልኩ ላይ ያፈጠጠው ገንዘብ ያዥ ነጥቧ ወንዝ ላይ ቆማ ብታይበት ደነገጠ፤ ደግሞ ደጋግሞ ደውሎ አላገኘንም። ስንመለስ ድንኳኑ ወንዝ ገባ ብሎ ጎረቤት ሰብስቦ አገኘነው። ለወራት መቀለጃ ሆነ። እኔም ኔትወርክ ሲጠፋ ነጥቧ ቀለሟን እንድትቀይር አደረግኩና ሰላም ወረደ።

ከዚያ በኋላ ድንኳን አልጠፋም። ሸጠን እንለያይ የሚለው ወሬም ቀስ በቀስ ከሰመ። እናቴ ደስታዋ ወሰን አጣ። ማየት እንድትችል ስልኳ ላይ ጫንኩላት፤ ከጸሎቷ ቀጥላ የምታየው እሱን ሆነ። ቤት ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ነይ እስቲ፣ ድንኳኑ የት ደረሰ ትለኛለች። ድንኳኑ ሲንቀሳቀስ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ማን እንደሞተ የሚነግራት ስለሌለ ነጥቧ የቆመችበትን ሰፈር እያየች ትገምታለች፤ ኮተቤ ነው፣ እገሌ ታምሞ ነበር፣ እሱ ይሆናል ብላ ታለቅሳለች። ብዙ ጊዜ ልክ ነበረች።

አንድ ቀን ግን ነጥቧ ካራ ሄዳ ቆመች። ባልንጀራዋ ያሉበት አካባቢ ነው፤ እሳቸውም ታመው ሰንብተው ነበር። እናቴ እኔን እንኳ አልጠበቀችም። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ያንን ሁሉ ደረጃ ወርዳ፣ ታክሲ ተኮናትራ ካራ ሄደች። ከታክሲው ስትወርድ ድንኳኑን አየችውና እዬዬዋን ለቀቀችው። የባልንጀራዋን ደግነት፣ አብረው የፈጩትን በርበሬ፣ በወሊድ ጊዜ ያረሷትን እያነሣች ደረቷን እየመታች ገባች። ድንኳኑ ውስጥ ዘፈን ነበር። ጎረቤት ለክርስትና ተከራይቶት ኖሯል። ባልንጀራዋ ሳህናቸውን እንደያዙ ከእንግዶቹ መሃል ተነሥተው፣ አንቺ ሴት ምን ሆነሻል አሏት። ተቃቅፈው ሳቁ፣ ከሳቁም በኋላ አለቀሱ። እናቴ እዚያው ክርስትናውን በልታ ማታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ድንኳኑ ከመውጣቱ በፊት ንብረት ያዡ ቀብር ወይም ድግስ ብሎ እንዲመርጥ አደረግኩ። ዳኛው ስም እስካልተጠራ ድረስ ይሁን ብለው ፈቀዱልኝ።

የጠሉት ይወርሳል፣ የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እናቴ በጥቅምት አንድ ማለዳ፣ ቁርሷን ላቀርብ ስገባ አልነቃችም። ጎረቤቶች ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ለዳኛው ደወልኩ፤ ለሳቸው መናገር ይፈቀዳል። እንመጣለን ልጄ አሉ።

ሴቶቹ አስከሬኑን ሲያዘጋጁ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ስልኬን አየሁ። አልጋውን ማየት ስላቃተኝ ነው። ነጥቦቹ ነቅተዋል። ቀብር የሚለው ተመርጧል። ድንኳኑ ከዕቃ ቤት ወጣ፤ የጎላው ሣጥን ተከተለው። ዳገቱን ወርደው፣ በኮተቤ መንገድ አልፈው፣ አንድም ቦታ ሳይቆሙ ወደኔ መጡ። ደንበኞቼ ሁሉ የሚመኙት ሥራ ነበር። ድንኳኑ ሊደርስ ሲል ወርጄ በሩን እንዲከፍቱ ለዘበኞቹ ነገርኳቸው፤ ኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ ላይም ተተከለ።

ሰዉ ግን አልመጣም። ከመኪናው ጋር የመጡት ዳኛው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ሳይፈርሱ ከቀሩት ቤቶች ጥቂት ሰዎች ናቸው። አግዳሚ ወንበሩን የሞሉት የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤቶች ናቸው። እሷ እድራቸው አልገባችም፤ እነሱ ግን ውኃ ቀዱ፣ ሽንኩርት ከተፉ፣ ለአንድ ቀንም አልተለዩኝም። እግዜር ይስጣቸው። ሲያለቅሱ ግን በለሆሳስ ነው። በር ለበር የምንጎራበታት ወጣት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ፣ ጥሩ ሴት ነበሩ፣ ደረጃ ላይ ሰላም ሳይሉን አያልፉም ነበር አለችኝ። ደጋግማ ይህንኑ አለችኝ። ሌላ የምታነሣው አልነበራትም፤ ከየት ታምጣው።

እኔ ዓይኔ የግቢው በር ላይ ነበር። አጥር ለአጥር አብሯት የኖረው፣ አብሯት ጠበል የወረደው፣ የቀበረችለት ሁሉ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እላለሁ። አስለቃሹ እንኳ ተቀብሎት የሚያለቅስ ሰው አጥቶ ሙሾውን አቋረጠ። ዳኛው ተነግሯል፣ ይመጣሉ ይሉኛል፤ እሳቸውም በሩን ያያሉ።

ጥሩምባ ነፊው መጨረሻ ላይ ደረሱ፤ እሳቸውም ሽማግሌ ናቸው። የት እንደለፈፉ ጠየቅኳቸው። እንደ ደንቡ በሰፈር ነው አሉኝ። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው፣ ድሮ በሚዞሩበት መንገድ ዞረዋል። ግማሹ አስፋልት ነው፣ ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሯል። የማን በር የት እንደነበር ስለሚያውቁ በየበሩ ቦታ ቆመው ነፍተዋል፣ ስሟን ጠርተዋል። ግንባታ ላይ ያደሩ የቀን ሠራተኞች ሰው የተገጨ መስሏቸው ሮጠው ወጥተው አዩዋቸው። ሌላ የሰማ የለም። እሳቸውን መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት። እናቴን በስሟ የጠራት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

እንጦጦ ግርጌ ካለው የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን፣ ከአባቴ ጎን ቀበርናት። ቄሶቹ ሲጨርሱ ዳኛው አጠገቤ መጥተው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ።

«ሰፈሩ ያለ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ተነቀለ። ሰዎች የሚመጡት ከዚያ በኋላ ሆነ፤ አንድ አንድ እያሉ፣ ገበያ ላይ ሰምተው፣ ወርኃዊው ስብሰባ ላይ ሰምተው። እያንዳንዱ ሲመጣ ለቅሶው አዲስ ነው፣ የሚያለቅሰው ግን ባዶ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ነው። እኔ ሳለቅስ ሌላውን ሰው የሚያባብል ስለሌለ፣ አንዳንዴ እንባዬን ውጬ ውኃ ላቀብል እነሣ ነበር።

አንድ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የእናቴ ባልንጀራ ከካራ መጥተው ቆመዋል። በዘንቢል የባቄላ እሸት ይዘዋል። ልጃቸው ደረጃው ላይ አድርሳቸው፣ ዕቃ ገዝታ እስክትመለስ ወርዳለች። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ጥቁር መልበሴን አላዩም። ጉንጬን ስመው፣ እሸት ትወዳለች ብዬ እኮ ነው፣ ተኝታ ነው ወይ አሉኝ።

ይግቡ አልኳቸው። ሶፋው ላይ አስቀምጬ ሮጬ የጎረቤቴን በር መታሁ። ያቺ ወጣት ሴት ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ መጣች፤ በግራቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። እኔ ቀኝ እጃቸውን ያዝኩ። መርዶ የሚነግር ትልቅ ሰው ነው፤ ሐዘንተኛዋ ልጅ ራሷ አይደለችም። ትልቅ ሰው ግን በቤቱ አልነበረም። ነገርኳቸው።

መጀመሪያ አልጮሁም። መቼ አሉኝ። ወሩን ስነግራቸው ሰውነታቸው እጄ ላይ ከበደ። ከዚያ ጀመሩ። እናቴ ልጅ ሆና ውኃ ስትቀዳ ያለችውን፣ አባቴ ሲያገባት የለበሰችውን፣ ባላቸው የሞተ ጊዜ ዓርባ ቀን ቤታቸው አድራ ያስተዛዘነቻቸውን፣ እኔ የማላውቀውን ሁሉ እያነሡ አለቀሷት። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሊያለቅሰው የሚገባውን እኚህ አንዲት ሴት ሶፋ ላይ ተቀምጠው አለቀሱት። እሷ በቁሜ አለቀሰችልኝ፣ እኔ ሞታ እንኳ አልደረስኩላትም እያሉ ደረታቸውን መቱ። ጎረቤቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች።

ደክሟቸው ዝም ሲሉ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወስደው፣ ወደኔ አቅጣጫ ዞሩ።

«የኔስ ቀን ሲደርስ በምን ትሰሚያለሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ዕቃ ቢሆኑ ኖሮ የምመልሰው ነበረኝ። እጃቸውን አለቀቅኩም።